ጠበቃችን «በሞክ ጁሪ እንፈትነው» አለን፤ ገንዘቡን ያዋጣል?

የሮክቪል ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶበት ኬዙ ፍርድ ቤት ገብቷል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ኢንሹራንሱ እስካሁን እሰጣለሁ ያለው ገንዘብ የሕክምናውን ዕዳ እንኳ አይሸፍንም። ጠበቃችን ባለፈው «ችሎት ከመግባታችን በፊት በሞክ ጁሪ እንፈትነው» አለን። ሰዎች ተከፍሏቸው እንደ ጁሪ (ከተራው ሕዝብ ተመርጦ ችሎት ላይ እንደሚፈርድ ቡድን) ቁጭ ብለው ኬዙን ሰምተው ይፈርዳሉ ማለት ነው። ፍርዱ ግን ለልምምድ ነው። ወጪው በኋላ ከምናገኘው ካሳ ላይ ይቀነሳል።

ወንድሜ «ለድራማ ገንዘብ አልከፍልም» ብሎ ተቆጥቷል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ፤ እውነት ይጠቅማል ወይስ የጠበቃ ገንዘብ ማውጫ ነው?

(አደጋው እንዴት እንደደረሰ የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ። ምክንያቱን ማዕዶት ከታች ጽፋዋለች።)

ማዕዶት

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አደጋውን የዘረዘርክበትን አንቀጽ አሁኑኑ አጥፋ። የኢንሹራንስ ጠበቆች ኢንተርኔት ላይ የተጻፈን ነገር ይፈልጋሉ። በአማርኛ ነው ብለህ አትዘናጋ፤ የሚያነብላቸው ሰው አያጡም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እዚሁ ሜሪላንድ የአደጋ ኬዝ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ነኝ። ጠበቃ ስላልሆንኩ የምለውን እንደ ሕግ ምክር አትውሰደው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዚያው ካውንቲ፣ ለእውነተኛ ጁሪ ሊጠሩ የሚችሉ ሰዎች ይመለመላሉ። ዕድሜያቸው፣ ሥራቸው፣ ትምህርታቸው፣ ዘራቸው የአካባቢውን ሕዝብ እንዲመስል ይደረጋል። ሚስጥር ላለማውጣት ይፈርማሉ፤ ለቀናቸው ይከፈላቸዋል። የሆቴል አዳራሽ ይከራያል። አንዱ ጠበቃ ከሳሽን ወክሎ፣ ሌላው ተከሳሽን ወክሎ ኬዙን አሳጥረው ያቀርባሉ። የምስክሮቹ ቃል ከዴፖዚሽን (ከችሎት በፊት በመሐላ ከሚሰጥ ቃል) ቪዲዮ ተቆርጦ ይታያል። በየመሀሉ መጠይቅ ይሞላሉ። በመጨረሻ ለሁለት ለሦስት ቡድን ተከፍለው፣ በር ተዘግቶ ይከራከራሉ። ካሜራው ይቀዳል፤ ጠበቆቹ ሌላ ክፍል ሆነው ያያሉ። አንዳንዱ ጠበቃ ያን ማየት ያመዋል። ሲለፋበት የከረመውን ነጥብ አንድ ሰው እንኳ ሳያነሳው ይቀራል።

ማን እንደቀጠራቸው አይነገራቸውም። ከተነገራቸው ወደ ከፋዩ ያዘነብላሉ። ጥሩ ቢሮ ደግሞ ጎበዙን ጠበቃ የሚመድበው ለተቃራኒው ወገን ነው። ደካማ ተቃዋሚ አቁሞ አሸነፍኩ ማለት ራስን መሸንገል ነው።

አሁን ለምን ለእናንተ ኬዝ እንደታሰበ ልገምት። የሜሪላንድ ሕግ በዚህ በኩል ጨካኝ ነው። ሌላው ሾፌር 99 በመቶ ቢያጠፋና ወንድምህ 1 በመቶ ቢያጠፋ፣ ወንድምህ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። ቨርጂኒያም እንደዚያው ነው። ዲሲም ነው፤ እሷ ግን በ2016 ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ሕጉን አላልታለች። ከነሱ ሌላ አላባማና ሰሜን ካሮላይና ብቻ ናቸው በዚህ የቀሩት። ስለዚህ ክርክሩ «ማን ይበልጥ አጠፋ» ላይ አይደለም። «ወንድምህ ቅንጣት ታክል አጥፍቷል ወይ» ላይ ነው። ሰርኪዩት ኮርት ውስጥ 6 ጁሪዎች በአንድ ድምፅ ይመልሱታል። ጠበቃው ማወቅ የሚፈልገው ሰዎች ያችን ቅንጣት የት ጋ እንደሚፈልጓት ነው።

ጋሽ ታክሲ

ሞክ ጁሪን የናቀ ማን እንደነበር ልንገራችሁ? የቀድሞ ሚስቱንና አንድ ወጣት ገድሏል ተብሎ የተከሰሰው የታዋቂው ፉትቦል ተጫዋች፣ የኦ ጄ ሲምፕሰን ከሳሾች! 1995 ላይ ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን በእነሱ አቆጣጠር ፍርዱ ሲነበብ ከተማው በሙሉ ቆሞ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ማርሻ ክላርክ «ባል ሚስቱን መደብደቡን ሴቶች ሲሰሙ ይፈርዱበታል» ብላ አምና ነበር። በነፃ የሚያማክራቸው ዶናልድ ቪንሰን የሚባል ሰው ግን በሞክ ጁሪ ሞክሮ ተቃራኒውን ነገራት። ለሲምፕሰን ከሁሉ ይበልጥ ያዘኑት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እሷን ደግሞ ጭራሽ አልወደዷትም። አልሰማችውም፤ በራሷ ልምድ ተማምና ሰውዬውን ሸኘችው። ከ12ቱ ጁሪ 10ሩ ሴቶች ነበሩ፣ ከነሱም 8ቱ ጥቁር። ወራት የፈጀውን ኬዝ ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሰው በነፃ ለቀቁት። ሰው የማይፈልገውን ምክር በነፃ ሲያገኘው አይሰማም።

ቅን ተጠራጣሪ

ጋሼ፣ ታሪኩ ያምራል። ግን ያ ኬዝ የተበላሸው በብዙ ነገር ነው። ችሎት ላይ ሲለካው እጁ አልገባ ያለው ጓንቲ አለ፣ ዘረኛ ንግግሩ የተጋለጠበት መርማሪ ፖሊስ አለ። «ሞክ ጁሪውን ብትሰማ ታሸንፍ ነበር» የሚለውን በዋናነት የሚያወራው አማካሪ ሻጩ ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ነገር ፍትሕን መግዛት አይደለም? ገንዘብ ያለው ጁሪው ምን መስማት እንደሚፈልግ ቀድሞ ያጠናል፣ ከዚያ ያንኑ ይነግረዋል። ድሃው እንደ አመጣጡ ይገባል። እውነቱ የት ሄደ?

ማዕዶት

@ቅን ተጠራጣሪ ሁለቱን ለይልኝ። እውነተኛውን ጁሪ በድብቅ አግኝቶ ለማግባባት መሞከር ወንጀል ነው፤ እስር ቤት ያስገባል። የሞክ ጁሪ ሰዎች ግን ከኬዙ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ትክክለኛው ጁሪ ሲመረጥም ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ እንዳይገኝ ይጣራል። ማስረጃ አይቀየርም፤ የሚቀየረው አቀራረቡ ነው።

የገንዘቡ ነገር ላይ ግን አልከራከርህም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሞክ ጁሪ ብቻ አይደለም የሚጠቀሙት። ችሎቱ ሲካሄድ ሕዝብ መቀመጫ ላይ የራሳቸውን ሰዎች አስቀምጠው ማታ ማታ «ዛሬ ማን አሳመነህ» ብለው ይጠይቋቸዋል። አይ ቢ ኤም በ1970ዎቹ ይህን ከጀመሩት አንዱ ነው። ሰዎቹ ማን እንደሚከፍላቸው አያውቁም። የወንድምየው ኬዝ እዚያ ደረጃ አይደርስም፣ አያስፈልገውምም።

ሲያትል ዝናብ

እኔ ሞክ ጁሪ ሆኜ ቁጭ ብያለሁ። ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ማስታወቂያ አይቼ ተመዘገብኩ። ኬዙን አልናገርም፣ ፈርሜያለሁ። የገረመኝን ብቻ ልንገራችሁ።

ጠበቆቹ ስለ ሕክምና መዝገብና ስለ ባለሙያ ምስክር ብዙ ተናገሩ። ለብቻችን ስንቀመጥ ግን መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ «ሰውየው ኢንሹራንስ የለውም እንዴ?» ነበር። ማንም አላነሳልንም። ሁላችንም ግን እሱን ነበር የምናስበው። ቀጥሎ አንዲት ሴትዮ «ሰውየው ስልክ ሳይደውል ለምን ቆየ?» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተወራም። መዝገቡ እንዲሁ ተዘግቶ ቀረ። እኔ ራሴ ስልኩን ረስቼው ነበር፤ እሷ ካነሳችው በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ማዕዶት

ይኸው! ስለ ኢንሹራንስ ጁሪ ፊት እንዳይነሳ ሕጉ ይከለክላል። ሰው ግን ማሰቡን አይተውም። ሥራችን ውስጥ ያየሁት ይህን ነው፦ ሰዎች ማስረጃ አይደምሩም፣ ታሪክ ነው የሚሠሩት። ታሪኩ ቀዳዳ ካለው በራሳቸው ግምት ይደፍኑታል። የስልኩ ጥሪ እንደዚያ ዓይነት ቀዳዳ ነው። ምናልባት ሰውየው ስልኩ ተሰብሮ ይሆናል፤ ለጠበቃው ግልጽ ስለሆነ አልተናገረውም። ኬዙን ከመጠን በላይ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳልተናገረ አይታየውም። ሞክ ጁሪ የሚከፈልበት ለዚህ ነው። ያሸንፋል አያሸንፍም ለማወቅ ከሆነ ገንዘቡን ባያወጡት ይሻላል። ከሦስት ቡድን ሁለቱ ፈረዱልን ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ሕግ ተማሪ

ስለ ገንዘብ መጠን ግን የሚያስተምረው ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚያነሱልን ኤም ሲ አይ የተባለው የስልክ ኩባንያ፣ ግዙፉን የስልክ ኩባንያ ኤ ቲ ኤንድ ቲን የከሰሰበት ኬዝ ነው። ቺካጎ፣ 1980። የኤም ሲ አይ ጠበቆች በሞክ ጁሪ ሲለማመዱ «100 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ አጣን» ብለው ቁጥሩን ሲጠሩ፣ ጁሪው ያንኑ 100 ሚሊዮን ሰጠ። ቁጥሩን ሳይጠሩ ሲያቀርቡት 900 ሚሊዮን ተሰጠ ይባላል። እውነተኛው ችሎት ላይ ቁጥሩን ተዉት። ጁሪው 600 ሚሊዮን ፈረደ፤ የሞኖፖል ሕጉ በሦስት ስለሚያባዛው 1.8 ቢሊዮን ሆነ።

መጨረሻውን ግን ብዙ ሰው አይናገረውም። ይግባኝ ሰሚው በ1983 የካሳውን ስሌት ሻረው። በ1985 እንደገና ታይቶ 37.8 ሚሊዮን ብቻ ተፈረደ፤ በሦስት ሲባዛ 113 ሚሊዮን ገደማ። ሞክ ጁሪው ጁሪውን በትክክል ገመተ። ይግባኝ የሚሰሙትን ዳኞች ግን ማንም በሆቴል አዳራሽ አልሞከራቸውም።

ቅን ተጠራጣሪ

ይሄ ጥሩ ነው። ለኔ ክርክር የበለጠ ይጠቅማል 😄

ጠበቃ ከቦሌ

ከአዲስ አበባ ሰላም ብያለሁ። እኛ ጋ ጁሪ የለም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛው ነው። ያለን ልምምድ የሕግ ተማሪዎች ምስለ ችሎት ነው። እሱ ደግሞ የሕግ ክርክር መፈተኛ እንጂ የሰው ስሜት መለኪያ አይደለም።

ነገር ግን ሐሳቡ ለኛ ባዕድ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛን «በሕግ አምላክ» ብለው አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል። ተሟጋቹ በበላ ልበልሃ ሲሟገት የከበበው ሕዝብ ያጉረመርማል፣ ይስቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ጎበዝ ተሟጋች የሕዝቡን ፊት እያነበበ ንግግሩን ይቀይር ነበር። ልዩነቱ እነሱ በእውነተኛው ሙግት ላይ ያደርጉት ነበር፣ እናንተ ቀድማችሁ ታደርጉታላችሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የሞክ ጁሪው ቪዲዮ ተቃራኒው ወገን «አምጣ» ቢል ይገደዳሉ?

ሕግ ተማሪ

ጠበቃ ለክርክር ብሎ ያዘጋጀው ነገር ጥበቃ አለው። ከ1947ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሂክማን ውሳኔ ጀምሮ የቆየ መርህ ነው። በተለመደው አካሄድ ተቃራኒው አያገኘውም። ለዚያም ነው ሁሉም ሰው ሚስጥር የሚፈርመው።

ለንደን ጭጋግ

እዚህ እንግሊዝ ብትሆኑ ይህ ሁሉ አይታሰብም። ለወንጀል ጁሪ አለ፤ የመኪና አደጋ ካሳ ግን በዳኛ ነው የሚታየው። ጠበቃ ምስክርን ማለማመድ ደግሞ ክልክል ነው። የ2005ቱ የሞሞዱ ውሳኔ በግልጽ አስቀምጦታል። ስለ ችሎቱ ሥርዓት ማስረዳት ይቻላል፣ መልሱን ማስጠናት አይቻልም። ሞክ ጁሪ የሚጠቀሙት ተመራማሪዎች ናቸው፤ እውነተኛው የጁሪ ክፍል ውስጥ የተባለውን መጠየቅ ስለማይፈቀድ። አሜሪካኖች ምስክር ሲያለማምዱ ሳይ ትንሽ ይከብደኛል።

አስተርጓሚዋ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ፍርድ ቤትና ዴፖዚሽን ላይ ለብዙ ዓመት አስተርጉሜያለሁ። ማንንም ሳልጠቅስ የኛ ሰው ላይ የሚደርሰውን ልንገራችሁ። ለዚህ ልጅ ወንድም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ሰዓት። የኛ ሰው ተጨንቆ ሲናገር ወደ አገሩ አቆጣጠር ይመለሳል። «ሁለት ሰዓት ላይ» ይላል፤ ጠዋት 8 ሰዓት ማለቱ ነው። አስተርጓሚው ካልጠየቀው 2 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። የፖሊስ ሪፖርቱ 8 ይላል። ጁሪው «ሰውየው አደጋው መቼ እንደደረሰ እንኳ አያውቅም» ይላል።

ሁለተኛ፣ አደጋ ሲደርስ እኛ ከመኪና ወርደን የሌላውን ሰው ነው መጀመሪያ የምናየው። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ተጎዳህ ወይ?» እንላለን፣ የመታን እሱ ቢሆንም። ያን ጊዜ የፖሊሱ ደረት ላይ ካሜራ አለ። ጁሪው የሚያየው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። 1 በመቶውን ከዚያ ያገኘዋል።

ሦስተኛ ትንሽ ነገር ናት። አንዳንዶቻችን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን አዎ እንላለን። ቃል ስላልወጣ የችሎቱ ጸሐፊ የሚጽፈው የለም። በቪዲዮ ደግሞ የደነገጠ ሰው ይመስላል። ዓይንን መስበሩም አለ። ለኛ ጨዋነት ነው፤ ለነሱ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው።

ጠበቃ ይህን አያውቅም። አብሮት ስለሠራ የደንበኛውን ጠባይ ለምዶታል፣ አይታየውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንግዳ ሰው ግን ወዲያው ያየዋል። የሞክ ጁሪ ሰዎች መጠይቁ ላይ «አላመንኩትም» ብለው ሲጽፉ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው።

የሮክቪል ልጅ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ አንድ ነገር በግል ጽፌልዎታለሁ።

ለንደን ጭጋግ

እትዬ እንዳሉት ከሆነ ያኛውን ማስተካከል ምስክር ማለማመድ አይሆንም? «ዓይንህን አትስበር» ማለት?

አስተርጓሚዋ

ልጄ፣ እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ ለምስክር ምንም አልለውም፣ አይፈቀድልኝምም። ጠበቃው ግን «ጥያቄ ሲጠይቁህ በቃል መልስ፣ ሰዓት ስትናገር በፈረንጅ ነው በኢትዮጵያ በል» ቢለው እውነቱ አይለወጥም፤ እንዲያውም ይጠራል። ዓይኑን ግን ተዉት። ዕድሜውን ሙሉ ያልለመደውን ለአንድ ቀን ቢያፈጥ ይብሳል። ይልቅ ጠበቃው ራሱ «ያደገበት አገር እንዲህ ነው» ብሎ በጥያቄ ያውጣው።

ማዕዶት

እትዬ ያሉት ትክክል ነው፣ አሜሪካ ውስጥም ወሰን አለ። ጠበቃ ውሸት ማስጠናት አይችልም፤ ፈቃዱን ያስነጥቀዋል።

@የሮክቪል ልጅ ስለ ወጪው ሳልነግርህ እንዳልቀር። የሆቴሉ፣ የአማካሪው፣ የካሜራው ሲደመር ሙሉ ቀን የሚፈጀው ነገር በአስር ሺዎች ዶላር ይደርሳል። ለመካከለኛ የመኪና አደጋ ኬዝ እኔ አልመክርም። ግን ሌላ መንገድ አለ። ኬዙን ከሁለቱም ወገን በአጭሩ ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ለሞክ ጁሪዎች ይልኩታል። ኢጁሪ የሚባለው ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ለአንድ አንባቢ የሚከፍለው 5 ወይም 10 ዶላር ነው። ጠበቃውን የሚያስወጣው ከአዳራሹ ጋር አይወዳደርም። ጉድለቱ ሰዎቹ እርስ በርስ አይከራከሩም፣ ወንድምህንም አያዩትም። «ማን አጠፋ፣ ለምን» ለሚለው ግን በቂ ነው።

ሲያትል ዝናብ

እኔም በኢንተርኔት ሞክሬያለሁ። አሰልቺ ነው፣ ግን ሰው ስለማያይህ ያሰብከውን በቀጥታ ትጽፋለህ። አዳራሽ ውስጥ አንድ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ሁሉንም ይጎትታል።

ማዕዶት

እውነተኛው ጁሪ ክፍል ውስጥም ያ ድምፁ የጎላ ሰውዬ አይጠፋም። ስለዚህ እሱንም ማየት ጥቅም አለው። የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው።

ጋሽ ታክሲ

ወንድምህ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ ነው አሁን የሚከፍለው?

ማዕዶት

አሁን አይከፍልም ጋሼ። ጠበቃው ቀድሞ ያወጣል፣ በመጨረሻ ከካሳው ይቀነሳል። እዚህ ላይ ግን ውሉን አንብቡ። ብዙ ጊዜ የጠበቃው ድርሻ ሲሶ ነው። ወጪው የሚቀነሰው ሲሶው ከመሰላቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህ በጽሑፍ መቀመጥ ግዴታ ነው። በ90 ሺህ ዶላር አስሉት፣ ወጪው 9 ሺህ ይሁን። ወጪው ቀድሞ ከተቀነሰ 81 ሺህ ይቀራል፤ ሲሶው 27 ሺህ፣ ወንድምህ 54 ሺህ ይዞ ይሄዳል። በኋላ ከተቀነሰ ሲሶው 30 ሺህ ነው፤ ለወንድምህ 51 ሺህ ይቀረዋል። በአንድ ቃል 3 ሺህ ዶላር።

ቅን ተጠራጣሪ

አሁን ገና ጠቃሚ ነገር ተናገርሽ 😄 እኔ ግን ሌላ ጥርጣሬ አለኝ። አብዛኛው ኬዝ ጁሪ ሳያየው በስምምነት ነው የሚያልቀው። ታዲያ ለማይመጣ ፈተና ለምን ይጠናል?

ማዕዶት

ስምምነቱ የሚለካው ጁሪ ቢያየው ምን ይሰጥ ነበር በሚል ግምት ነው። ኢንሹራንሱ ግምቱን ከብዙ ሺህ ኬዝ ልምድ ያወጣል። ወንድምየው በእጁ ያለው አንድ ኬዝ ነው። ልምምዱ ላይ አንባቢዎቹ ተከፋፍለው «እሱም አጥፍቷል» የሚሉ ከበዙ፣ የቀረበውን ትንሽ ገንዘብ መቀበል ሊሻል ይችላል። ይህን ችሎት ከመግባት በፊት ማወቅ ለደንበኛውም ለልቡም ደግ ነው። አንዳንድ ደንበኛ የሚቀበለው ከጠበቃው ሲሰማ ሳይሆን ከማያውቃቸው ሰዎች ሲሰማ ነው።

ሕግ ተማሪ

አንባቢዎቹ ሲመለመሉ «ከሞንትጎመሪ ካውንቲ» መሆናቸውን ጠይቅ። ሮክቪል የሚፈርደውና ገጠር ሜሪላንድ የሚፈርደው አንድ አይደለም።

የሮክቪል ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜን አስቀምጬ የእትዬን ጽሑፍ አነበብኩለት። ስለ ሰዓቱ ሲሰማ ዝም አለ፣ ከዚያ ዴፖዚሽኑ ላይ ያለውን ወረቀት አምጣ አለኝ። የኢንተርኔቱን ለመሞከር ተስማምቷል፤ የሆቴሉን አሁንም አልፈለገም። ሐሙስ ጠበቃው ጋ ቀጠሮ አለን።

ቅን ተጠራጣሪ

ውሉስ? «በፊት» ነው የሚለው «በኋላ»?

የሮክቪል ልጅ

«በኋላ» ነው የሚለው። ሐሙስ ከሁሉ በፊት የማነሳው እሱን ነው።